ከቀዩ ምልክት ወዲህ

አርብ ለሁለታችን
በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ናት፣
እኔ ከሳልሚያ ፎቅ
የሰው ልጅ አስተኝቼ የምወርድላት፣
አንተ ከውሃ ቦቴህ
ሸሚዝህን እየቆለፍህ የምትቸኩልላት።

ካሜራችን ያገለገለ ነው፣ ከአርብ ገበያ የተገዛ፣
ማንጠልጠያው በማናውቀው ሰው አንገት የወዛ።
ግማሹን እኔ ከፈልሁ፣ ግማሹን አንተ ሞላህ፤
"አሁን ማን ነው የሚያነሳው?" ብዬ ብጠይቅህ
"ቀድሞ ያየ" ብለህ ሳቅህን ለቀቅህ።

ጥር ላይ ሁለት ሌሊት ዘነበ።
ከተማው ተማረረ፤ መንገዱ ተዘጋ፣ መኪናው ተደራረበ፤
እኛ ግን በስልክ፣ በሹክሹክታ፣
"ሰማህ ይማም?" "ሰማሁ" ተባባልን ማታ፤
ከአሸዋው ሥር የተኛው ዘር
በስማችን የጠራን ይመስል ነበር።

መጋቢት ሲገባ፣ ከጀህራ ወዲያ፣ በሳልሚ መንገድ፣
ቦቴህ ሲያልፍ ያየሃትን ገላጣ ይዘን ስንወርድ፣
ቢጫ።
ከሸሚዝህ ቁልፍ ያነሰ፣
ግን በዙሪያው ያለውን ግራጫ ሁሉ የከሰሰ።
"አርፈጅ ይባላል" አለን ሱዳናዊው ግመል ጠባቂ፤
ግመሉም ከኋላው ቆማ ታዳምጣለች፣ እንደ አዋቂ።

እኔ አፌን ሞልቼ፦
"አደይ በሜዳ ሙሉ ላየ ዓይን፣ ይህቺ ምን አላት?"
አንተ ግን ተንበርክከህ፦
"አደይ ጎረቤት አላት፤ ይህቺ ብቻዋን ናት።"

በሆዳችን ተኛን፣ አንተ ከወዲያ እኔ ከወዲህ፣
ካሜራውን በላይዋ እየተቀባበልን፣ ከእጄ ወደ እጅህ፣
ትንፋሻችን እንዳይነቀንቃት ዋጥ አድርገን።
ገና እምቡጥ ነበረች፤ "ዛሬ አይደለም" አለችን።

የፖሊስ መኪና ቆመ።
"ምን ጠፋባችሁ?"
"ምንም፤ አገኘን እንጂ።"
መታወቂያችንን አየ፣ እምቡጧን አየ፣ እኛን አየ፤
ከሦስቱ የቱ እንዳሳሰበው እንጃ፣ ራሱን እየነቀነቀ ተለየ።
"ከቀዩ ምልክት እንዳታልፉ" ነበር የመጨረሻ ቃሉ፦
ከዚያ ወዲያ ጦርነት የቀበራቸው ብረቶች አሉ።
ከብረቶቹ ላይ ግን፣ ሰው ስላልረገጠው፣
ቢጫው ሜዳውን ከዳር እዳር ዋጠው።
ዓይናችን ሄደ፤ እግራችን ቀረ፤
ያንተ እጅ ብቻ፣ ሳላየው፣ የቀሚሴን ጫፍ ይዞ ነበረ።

በጠርሙስ ክዳን ምልክት አደረግንባት፣ ለእኛዋ፤
አሥራ አራት ቀን ቆጠርን።
አንተ በየጠዋቱ ቦቴውን አቀዝቅዘህ፣
"ገና ናት" ትለኛለህ፣ ድምፅህን በስልክ ልከህ።
አንድ ቀን "ጠምቷታል" አልኸኝ፤ "አሥር ሺህ ሊትር ጭኜ ባልፋት
ነውር አይሆንም? አንድ ጣሳ ላጠጣት?"
"ተው" አልሁህ፣ የሰው ብርጭቆ እያደረቅሁ፤
"ካጠጣሃትማ የዱር አይደለችም፣
እንደ እኛው ተቀጣሪ ናት።"

ደረስን። ክዳኑ አለ። እሷ የለችም።
ግመሏ ቆማለች፣ ሽፋሽፍቷን እንኳ አላነሳችም፤
ሦስት ቢጫ ቅጠል ከታችኛው ከንፈሯ፣
(ፈክታ ነበር ማለት ነው)
ታላምጣለች፣ ቀስ ብላ፣ እንደ ባለ አደራ።
አንተ መሬት ተቀመጥህ፣ እጅህ ራስህ ላይ፤
እኔ አነሳኋት። "ቀድሞ ያየ አላልህም?
ቀድማ ያየቻትስ እሷ አይደለች ወይ?"

ማታ አውቶቡስ ስንጠብቅ፣ የፊተኛውን አርብ ፎቶ ገለጥን፦
በእኔ በኩል፣ ከእምቡጧ ጀርባ፣ የአንተ ዓይን፤
በአንተ በኩል የእኔ ሻሽ፣ ጭጋግ መስሎ።
ጥራቱ ለእሷ ሄዷል፤ እኛ ደብዝዘናል፤
ኒካሕ በስልክ ላሰርን፣ ከዚህ ሌላ የሰርግ ፎቶ የታል?

ቅዳሜ የሰው ልብስ ሳጥብ
ከኪሴ አሸዋ ፈሰሰ፣ ከአሸዋው ጋር ያ ክዳን ወጣ፤
መስኮቱ ላይ አኖርሁት።
ዝናብ እንደሁ፣ አሥር ወር አለው እስኪመጣ።